የሰው ዕቃ ጎዶሎ አይመለስም

ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ

ሽንት ልሰበስብ ባሌ ድረስ እሄዳለሁ ስላት እናቴ ሥራዋን አቁማ አየችኝ። «አዲስ አበባ ውስጥ ሽንት ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። ስቄ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ከቤት ስወጣ መደርደሪያው ላይ የጎረቤቴ የወይዘሮ አልማዝ ጎድጓዳ ሳህን ዓይኔ ውስጥ ገባ። ለበዓል ዳቦ የላኩልኝ ነው። ባዶውን መመለስ አፍሬ፣ የምጨምርበት ሳገኝ እመልሳለሁ እያልኩ ሳምንታት አልፈዋል። ስመጣ አልኩና በሩን ቆለፍኩ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሳንባ እንደ ፊኛ የሚለጠጠውና የሚሰበሰበው ውስጡ ላስቲክ የመሰሉ ስስ ክሮች ስላሉት ነው። ጭስ ለብዙ ዓመት ሲገባበት ክሮቹ ይበጣጠሳሉ፤ ሰውዬው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ዳገት ያቅተዋል። የክሮቹ ቁርጥራጭ ደግሞ በደም አድርጎ፣ በኩላሊት ተጣርቶ ከሽንት ጋር ይወጣል። እኛ የያዝነው ጥናት ያንን ቁርጥራጭ እየለካን በሽታውን ሳይከፋ ማወቅ ይቻል እንደሆነ መፈተሽ ነው። ሌላ አገር ይህ ሕመም የሲጋራ አጫሾች ነው፤ በኛ አገር ግን ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ዕድሜያቸውን ከምድጃ አጠገብ የጨረሱ ሴቶችም አሉበት። ስለዚህ ባሌ፣ ቤቱ በጭስ የሚሞቅበት ደጋ።

አውቶቡሱ ውስጥ መጀመሪያ የተጣላሁት በሣጥኔ ምክንያት ነው። በረዶ የሚያዝበት ትልቅ ሣጥን ነው፤ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ካልጫንኩት አለ።

«ምንድነው ውስጡ?»

«ባዶ ዕቃ።»

«ባዶ ከሆነማ ላይ ይሂድ እንጂ።»

«ባዶ ሲሄድ ነው የሚሰበረው» አልኩና እግሬ ሥር ወሸቅኩት። እስከ አሰላ ድረስ ጉልበቴን አጥፌ ሄድኩ፤ ከሣጥኑ ጋር የመጣ ነገር ስለሆነ አላማረርኩም። ዶዶላ ላይ ምሳ በላን። ዲንሾን ስናልፍ የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ዳር ቆመው እንደ መንገድ ትራፊክ ያዩን ነበር። ታኅሣሥ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሮቤ ድረስ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ኮምባይነር ይጠብቃል።

ሮቤ ስንገባ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው አንድ መንገድ ላይ ይጋፋሉ። ያረፍኩበት ሆቴል ሙቅ ውኃ አለ ተብዬ ነበር። ስጠይቅ አስተናጋጇ «ነገ ይኖራል ኢንሻአላህ» አለችኝ። ነገ እኔ አልኖርም።

ጎባና ሳነቴ

ጠዋት በሚኒባስ ጎባ ወጣሁ። ጎባ ከሮቤ ይልቅ ብርድም ዕድሜም አላት። እዚያ ያለው ሆስፒታል ከማቀዝቀዣው አንድ ጥግ ሰጥቶኝ ነበርና ሣጥኔን በበረዶ ሞላሁ። ከጎባ ወዲያ የሚወስደኝን መኪና የሚነዳው ጋሽ ታደሰ፣ አያቶቹ ከሸዋ መጥተው እሱ ጎባ የተወለደ፣ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል የሚፈስለት ሰው ነው።

«ለሽንት ብለሽ ነው ይህን ሁሉ መንገድ?» አለኝ ሞተሩን እያሞቀ። «እዚሁ ብትጠይቂኝ እኔ እሰጥሽ ነበር።»

«አንተ ታጨሳለህ ጋሽ ታደሰ። የማያጨስ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው አልጠቅምም» ብሎ ሳቀ።

ሳነቴ ላይ ስንወጣ ወሬው ቆመ፤ ብርዱ አፍ አያስከፍትም። ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ ነበር፤ መኪናችንን ዞር ብሎም አላየ። ሥራውን የሚያውቅ ፍጥረት ደስ ይለኛል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሃረና ይወርዳል። ዛፎቹ ጢም አብቅለዋል፣ ቀርቀሃው ይጀምራል፣ ደመናው በመስኮት ይገባል። መንደሯ እዚያ የጫካው አፋፍ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

መንደሯ

ጤና ኬላው በር ላይ የተቀበለችኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሞሚና ናት፤ የመንደሯ ልጅ፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር። ሴቶቹን ሰብስባ ጠብቃኛለች። ከፊት የተቀመጡት አዴ ሐሊማ፣ አዴ እዚያ እንደኛ እማማ ነው፣ የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ናቸው፤ በቀበሌው ስብሰባ ሪፖርታቸው ጎድሎ አያውቅም አሉ።

በሞሚና አስተርጓሚነት ጥናቱን አስረዳሁ፣ ፈቃድ ጠየቅኩ። አዴ ሐሊማ እጃቸውን አወጡ።

«የኔ ሕመም ደረቴ ላይ ነው። ታች ያለውን ምን ያደርግልሻል?»

ሁሉም ሳቁ። ጥያቄው ግን ትክክል ነው፤ እናቴም ቢሆን ያንኑ ነው የጠየቀችኝ።

«እርስዎ ጠዋት አመድ ሲጠርጉ፣ ሌሊት የነደደው ቀርቀሃ ይሁን ወፍራም ግንድ ከአመዱ አያውቁም?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ሽንት አመድ ነው። ውስጥ ምን እየነደደ እንዳለ ከሱ እናያለን። ግን አሁን አጥኚዎች ነን፤ ለእያንዳንዳችሁ ውጤት ይዤ አልመጣም።»

ይህን ስላቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አዴ ሐሊማ «ለሚመጡት ይሁን» አሉና ፈረሙ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። የትንፋሽ መለኪያዬን አውጥቼ አንድ በአንድ አስነፋኋቸው። ቀጥሎ ክዳን ያላቸውን ዕቃዎች አደልኩ። ሞሚና ሁሉን አስባበታለች፤ ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ሊታጠቡ፣ ዉዱእ ሊያደርጉ፣ ሲነሱ የመጀመሪያዋን እንዲያስቀሩ ነገረቻቸው፤ ሽንት ነጃሳ፣ ርኩስ፣ ስለሆነ ከቤት እንዳይገባም ዕቃው በቀርቀሃ ቅርጫት ሆኖ አጥር ላይ ይሰቀላል። እኔ ደግሞ ዕቃው ላይ ያለችውን መስመር በጣቴ አሳየሁና «እስከዚህ ድረስ ይሁን» አልኩ። ሥራዬን የበላችው ይህች ቃል ናት።

አንዲት ሴት ከሰዉ ርቀው ከኬላው አጥር ውጭ ቆመው ነበር። ሞሚና ዕቃውን ወስዳ መሬት ላይ አስቀመጠችላቸው፤ እሳቸውም መጥተው አነሱ። ለትንፋሹ ልጠራቸው ስል ሄደዋል።

ሙሉ ዕቃዎች

በማግስቱ ጠዋት ዕቃዎቹ መጡ። ሁሉም ከመስመሩ ላይ ናቸው፣ አንዱም ዝቅ አላለም። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ እንዲህ ያለ ናሙና አይቼ አላውቅም። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ እኮ ሽንት አልመጣ እያላቸው የሚቸገሩ አሮጊቶች ናቸው።

«ሁላችሁም ሞላላችሁ?» አልኩ ደስ ብሎኝ።

አዴ ሐሊማ ኮራ ብለው በኦሮምኛ መለሱ። ሞሚና ተርጉማው ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ምን አሉ?»

«የጎደለባቸውን... ጎረቤት ሞላላቸው ነው የሚሉት።»

ቁጭ አልኩ። አዴ ሐሊማ የኔን ፊት አይተው ግራ ገባቸው። «የእንግዳ ዕቃ ነው» አሉ፤ «የሰው ዕቃ እንዴት ጎዶሎ ይመለሳል? ወተት ቢሆን፣ ገብስ ቢሆን እንሞላ የለም ወይ?» ይህንንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ የወይዘሮ አልማዝ ሳህን ቤቴ ተቀምጦ የለም? ማንን ልቆጣ? የዚህች ቤት ሽንት ከዚያች ቤት ተደባልቋል። አንዱም የማን እንደሆነ አይታወቅም። በረዶዬ ይቀልጣል፣ ሥራው ሁሉ ገደል ገብቷል።

ያኔ ነው ትናንት ርቀው የቆሙት ሴት የመጡት። አዴ ዘይነባ ይባላሉ። ስድሳውን ሳያልፉ አይቀሩም፤ ከአጥሩ እስከ በሩ ያለችውን ለመሄድ ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ። ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው ራቅ አሉ። ከፈትኩት። ዕቃው ከግማሽ በታች ነው።

«የኔ ጎዶሎ ነው፤ ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ በአማርኛ። ድሮ ጎባ ገበያ ማርና ቅቤ ይሸጡ ስለነበር አማርኛ ያውቃሉ። «የኔን የሚሞላ የለም። ዕቃዬን ሰው አይነካም።»

ከዚያ ሁሉ ዕቃ እውነተኛው ናሙና ያ ብቻ ነበር። ደስታ ቢጤ መጣብኝ፤ ምክንያቱን ስረዳ ደግሞ ደስታዬ አሳፈረኝ።

ሞሚና ነገሩን ነገረችኝ። አዴ ዘይነባ ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታመው፣ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ድነዋል። ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም፤ እየባሰ ሄደ። ሰዉም ነቀርሳው ተመልሶባቸዋል አለ። ልጃቸው ከቤቱ ጀርባ ጎጆ ሠራላቸው። ምግባቸው በር ላይ ይቀመጣል፣ ጣሳቸው ለብቻ ነው። ክረምቱ ላይ የተወለደ የልጅ ልጅ አላቸው፤ አንድም ቀን አላቀፉትም።

የልጃቸው ሚስት ከዲጃ እዚያው ቆማ ነበር። «ዶክተር» አለችኝ፣ ዶክተር ባልሆንም፤ «ሕፃን አለኝ። ምን ላድርግ?» እንጀራቸውን አንድ ቀን አስቀርታ አታውቅም፤ ይህን ሁሉም ይመሰክሩላታል። ክፉ ሴት ብትሆን ነገሩ ይቀልለኝ ነበር።

አዴ ዘይነባን መለኪያውን አስነፋኋቸው። የአየር ቧንቧቸው ጠቧል፤ የጭስ ሕመም ይመስላል። ግን መለኪያው ነቀርሳ የለም ብሎ አይምልልኝም፤ አክታና ራጅ ያስፈልጋል።

«ጎባ እንሂድ» አልኳቸው። «ግን ይስሙኝ፤ ነቀርሳው ተመልሶ ቢገኝስ?»

«ሆኖ ከተገኘም ልወቀው። ልጁን ሳላቅፈው የምሞትበትን ምክንያት ልወቀው» አሉ።

በሳነቴ ላይ ማዶና ማዶ

ኔትወርክ የሚገኘው ዳገቱ ላይ ነው። መኪናው እንደቆመ ለጥናቱ ኃላፊ ደውዬ ናሙናው መደባለቁን ነገርኩት። «ተመለሺ፤ ሌላ ወረዳ እንተካለን» አለኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አልኩትና ዘጋሁት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር።

አዴ ዘይነባ ከኋላ ወንበር ነበሩ። ሲያስሉ ጋሽ ታደሰ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። የሳነቴ ብርድ እንደ ቢላ ገባ፤ እሳቸው ባሰባቸው፣ ይበልጥ አሳሉ፣ እሱም ይበልጥ ዝቅ አደረገው። አልፈረድኩበትም፤ እሱም የልጅ አባት ነው። ፎጣዬን አውልቄ አፍና አፍንጫቸውን ሸፈንኩላቸው።

ጎባ አክታቸውን ሰጡ፣ ራጅ ተነሡ። ውጤቱ ለነገ ተባልን። የሳቸውን ጎዶሎ ዕቃ ወስጄ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሻይ ቤት ገባን። አስተናጋጁ ብርጭቆ ሲያመጣ አዴ ዘይነባ ከሻርባቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጣሳ አወጡ። «በዚህ ቅዳልኝ» አሉት። ማንም ሳያዝዛቸው፣ ማንም በማያውቃቸው ከተማ። ሻዬን ወደ ጎን ገፋሁት። ይህን ነገር ሳልጨርስ አዲስ አበባ አልገባም አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ሐኪሙ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው፣ ራጁን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አሳየን። የድሮው ነቀርሳ ጠባሳ አለ። አክታው ውስጥ ግን ተሕዋሲው የለም። የአሁኑ ሕመም የጭስ ነው።

«አይድንም እናቴ» አላቸው፤ «ግን ይቃለላል። ይህን መድኃኒት በአፍ ይስባሉ። ከምድጃው ይራቁ። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።»

«የመጨረሻዋን ድገማት» አሉት።

«አይተላለፍም።»

«አልሐምዱሊላህ። አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ሐኪሙ ሦስተኛም አላቸው። ስንወጣ እዚያው ሻይ ቤት ገባን። አዴ ዘይነባ ጣሳቸውን አወጡ፣ አገላብጠው አዩት፣ መልሰው ከተቱት። በብርጭቆ ጠጡ፤ ስኳር አብዝተው። ሳነቴን ስንሻገር ጋሽ ታደሰ መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋው። ሲጋራም አላጨሰም። 

የየራሳችሁን

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እንደገና ተሰበሰቡ። እኔ ልናገር ስል አዴ ዘይነባ ቀደሙኝ። መሐል ገብተው ቆሙ፤ ይህን ያህል ሲቀርቡ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሐኪሙ ያላቸውን በኦሮምኛ ነገሯቸው። ሲያበቁ እኔን አሳዩ፤ እኔም አረጋገጥኩ።

አዴ ሐሊማ እንደ ትናንት በስቲያው እጃቸውን አወጡ። «ካልተላለፈ ታዲያ ለምን ታስላለች?»

«በእናንተም ደረት ውስጥ ባለው ጭስ ነው» አልኳቸው። «የሳቸው ቀድሞ ታየ እንጂ።»

ማንም ተነሥቶ አላቀፋቸውም። ከዲጃ ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች። ልቤ ተሰበረ ብል አልዋሸሁም፤ ግን እውነቱን ተናግሬአለሁ፣ ሰውን በአንድ ከሰዓት መገልበጥ ከእጄ ውጭ ነው። ሥራዬን ቀጠልኩ። አዲስ ዕቃ አደልኩ፤ ለአዴ ዘይነባም፣ የሳቸው ጎባ ቢኖርም መዝለሉ ማስቀየም ስለሆነብኝ፣ ሰጠኋቸው።

«የየራሳችሁን ብቻ» አልኩ። «መስመሩን እርሱት። ጠብታም ብትሆን ትበቃኛለች። ጎረቤት ለጎረቤት አይሞላም።»

«ነውር አይሆንም?» አሉ አዴ ሐሊማ።

«ለኔ ነውር የሚሆነው ሙሉው ነው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። የከተማ ሰው ጠባይ ነው ብለው የተዉት ይመስለኛል።

ጠዋት ዕቃዎቹ መጡ። አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሩብ፣ የአንዲቱ ከታች ትንሽ ብቻ። አዴ ሐሊማ የራሳቸውን ሲሰጡኝ አፍረው በነጠላቸው ሸፍነውት ነበር። እኔ ግን በየጎዶሎው ደስ እያለኝ ስም ጻፍኩ፣ በረዶ ውስጥ ደረደርኩ።

መጨረሻ ላይ ከዲጃ መጣች። ቅርጫቱን የያዘችው እሷ ናት። ከኋላዋ አዴ ዘይነባ ቀስ ብለው ይመጣሉ፤ በሁለት እጃቸው በሻርብ የተጠቀለለ ሕፃን አቅፈዋል። ሁለቴ ቆመው ተነፈሱ። ሞሚና ልታግዛቸው እጇን ዘረጋች፤ ልጁን አልሰጧትም።

ከዲጃ ቅርጫቱን በእጄ ሰጠችኝ። ከፈትኩት። ዕቃው ከመስመሩ አልፎ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

አዴ ዘይነባ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ እስኪያልፍ ጠበቅን። «እኔ የለሁበትም» አሉ። «ሴትዮዋ አትሙሉ ብላለች አልኳት። የኔ አማት ዕቃ ጎዶሎ አይሄድም አለች።»

ከዲጃ መሬት መሬት ታያለች። ዕቃውን በእጄ ይዤ ቆየሁ። የአዴ ዘይነባ እውነተኛ ናሙና ጎባ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ባይኖርም እንኳ የምቆጣ አይመስለኝም። «ገለቶሚ» ብዬ አመሰገንኳት፣ ከማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ወስጄ ሽንት ቤት ደፋሁት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ናሙና ደፍቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የደፋሁት ግን የለም።

ወደ ቤት

ከመውጣቴ በፊት ከመንደሯ የሃረና ማር ገዛሁ። ጎባ ላይ ጎዶሎዋን ዕቃ ከሌሎቹ ጋር በሣጥኑ አስገባሁ፤ ሮቤ አድሬ ጠዋት አውቶቡስ ያዝኩ። ረዳቱ ያው ነበር። «አሁንስ ሞላ?» አለኝ ሣጥኑን እያየ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ጎዶሎ ነው» አልኩት። እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም፤ ሣጥኑን ግን ራሱ እግሬ ሥር አስገባልኝ።

ጥናቱ የሚለውን ይበል፤ ጊዜው ሲደርስ ይነገራል። እኔ ከመንገዱ ያመጣሁት ሌላ ነው። ሰው ከሰው መለየቱ የሚታወቀው ዕቃው ጎድሎ ሲቀር ነው፤ መመለሱም የሚታወቀው ማንም ሳያዝዝ ሲሞላለት ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የለም።

ቤቴ ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ የወይዘሮ አልማዝን ሳህን ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ ከማሩ እስከ አፉ ሞላሁትና በራቸውን አንኳኳሁ።

«እኔማ ወሰድሽው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር» አሉ ሳህኑን እያዩ። «የት ቆየሽ?»

«ባዶውን ላለመመለስ ነው» አልኳቸው፤ «ባሌ ድረስ ሄጄ ነው የሞላሁት።»